ያጠብኩት ደጃፍ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ጎረቤቴ ወፍጮ ቤቴ ደጃፍ ላይ ወደቀች።

ወፍጮ ቤቱ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ወደ ገበያው ከሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የምተዳደረው በእርሱ ነው። ልጆቼ ርቀው ነው የሚኖሩት፤ ይደውላሉ፣ ተመስገን። እዚህ ያለችኝ ጎረቤቴ ነበረች። እርሷም እንደኔ ባሏ ሞቶባታል፤ ጥጥ ፈትላ ትኖራለች። ፍልሰታን በየዓመቱ አብረን እናስቀድሳለን። መንገድ ላይ እኔ ወሬ የለኝም፤ እርሷ ለሁለታችንም ትበቃለች።

ያን ዕለት ጠዋት የደጃፉን ድንጋይ ጭቃ ስለሞላው በውኃ አጠብኩት። ሁልጊዜ ካጠብኩ በኋላ ጆንያ አነጥፍበታለሁ። ያን ቀን ሰው ስለበዛብኝ ረሳሁት። ገብሷን ተሸክማ ስትገባ አዳለጣት። ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር ስትወድቅ እንኳ አልሰማሁም። ዘወር ስል ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ተቀምጣለች። ያነሷት ሌሎች ናቸው፤ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት። ክንዷ ተሰብሮ ነበር።

ከዓመት በፊት ልጄ ኢንሹራንስ አስገብቶኛል። ለመኪና ሦስተኛ ወገን እንደሚባለው ያለ ነው፤ ደንበኛ በእኔ ቤት ቢጎዳ ድርጅቱ ካሳ ይከፍላል። ያኔ “የእኔ ዋስ እመቤቴ ናት” ብዬው ነበር። “እመቤታችን ለአንቺ ትሁንሽ እማዬ፣ ወረቀቱ ለደንበኛው ነው” አለኝ።

ቡሬ ላለችው የድርጅቱ ሠራተኛ ደወልኩ። ልጅ እግር ናት፣ ትሑት።

“እማማ፣ አይዞዎት” አለችኝ። “አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ለማንም አይናገሩ። ሽማግሌ ይዘው ሄደው እክሳለሁ ብለው እንዳይፈርሙ። እኛ መጥተን ሳናይ እንዲህ ያለ ነገር ከተደረገ ድርጅቱ አልከፍልም ሊል ይችላል።”

እሺ አልኩ። የእኔ ጓዳ የሚክሳት አልነበረም። ፈትል በአንድ እጅ አይፈተል። ካሳው እንዳይቀርባት አፌን መዝጋት ነበረብኝ።

እኛ ዘንድ ግን ሰው በደጅህ ተጎድቶ ቤቱ ስትሄድ፣ ሳትቀመጥ የምትለው ቃል አንድ ነው። “አጥፍቻለሁ፣ ማሪኝ።” ይህን ሳይሉ ገብቶ መቀመጥ አላውቅም። ሌላ ቃል ቢያጥረኝም ይቺ እንደምታመልጠኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከነአካቴው ቀረሁ።

ቤቷ ከቤቴ አሥር ደጅ አይርቅም። በሌላ መንገድ ዞሬ ማስቀደስ ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያንም እርሷን አጣኋት። የሚያስፈጭ ሰው ቀነሰ። የሚመጡትም እህላቸውን አውርደው ውጭ ይቆማሉ። አንዲት እናት ዱቄቷን ስትቋጥር ለጓደኛዋ፣ እኔ እየሰማሁ፣ “ወፍጮው እንኳ ይናገራል፣ ባለቤቲቱ ናት የተዘጋባት” አለች። ጓደኛዋ ሳቀች። ጆንያውን አነጠፍኩ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልረሳሁትም።

ከቁርባን ራቅሁ። ከሰው ተቀያይሜ እንዴት ብዬ እቀርባለሁ?

በሁለተኛው ቅዳሜ ልጅቱ ከቡሬ መጣች። ድንጋዩን ለካች፣ ፎቶ አነሳች፣ የሆነውን ጠየቀችኝ። ማጠቤንም ጆንያውን መርሳቴንም ነገርኳት፤ ለእርሷ መናገር ይፈቀድ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ። ጻፈች።

“ተጎጂዋ እንዴት ሆኑ?”

“አላውቅም።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “አልጠየቋቸውም?”

“አትናገሪ አላልሽኝም?”

“ኧረ እማማ! አይፈርሙ አልኩ እንጂ ታማሚ አይጠይቁ አልኩ?”

“ልጄ፣ ያልሽኝን በዚያ ቤት ሄጄ መጠበቅ አልችልም። ከገባሁ ማሪኝ እላለሁ።”

ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። “የደምበጫ ልጅ ነኝ” አለች። “እናቴም እንደርስዎ ናት። እኔ ያየሁትን ጽፌያለሁ። የሚወስኑት ግን አለቆቼ ናቸው። ማሪኝ ቢሉ ምን ይላሉ፣ ዋሽቼ አልነግርዎትም።”

ሸኘኋት። የእናትሽን ዕድሜ ያርዝመው አልኳት።

ካሳውን ኋላ ከፈሏት፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያን ቅዳሜ ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው ካሳው እንዳይቀርባት ስል አሥራ አንድ ቀን ብቻዋን መተዌን ነው። ባይከፍሉ ወፍጮውን ሸጬም ቢሆን እክሳታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

በማግሥቱ እሑድ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ደጇ ቆሜ አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተች። ቀኝ ክንዷ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

“አጥፍቻለሁ” አልኳት። “ድንጋዩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጆንያውን ረሳሁ። ማሪኝ።”

“እግዚአብሔር ይማርሽ” አለች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “አሥር ደጅ ለመምጣት አሥራ አንድ ቀን። ግሽ ዓባይ ደርሰሽ ነው የመጣሽው?”

አልሳቅሁም፤ አልቻልኩም። ስለ ድርጅቱ ልነግራት ጀመርኩ። በግራ እጇ ዝም በይ አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ነጠላዋን ይዛ ተመለሰች።

“ይኸውልሽ፣ በአንድ እጅ አልጣፋ ብሎኝ ነው ከቅዳሴ የቀረሁት” አለች። “ሰው እንዳልለምን ደግሞ የማስቀድሰው ካንቺ ጋር ነበር።”

ነጠላውን ተቀበልኳት። በጀሶው ላይ ቀስ አድርጌ አጣፋሁላት። ጎንበስ ብዬ ጫማዋንም አሰርኩላት። ደጃፏ በዝናብ ርሶ ነበር፤ በግራ ክንዷ ደግፌ አወረድኳትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እርሷ እስከ ቅጽሩ ድረስ አወራች።