የጠዋትና የማታ ድምፆች

አባዬና እማዬ የተዋወቁት ራዲዮ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ከተጋቡ በኋላ ግን ጣቢያው ራሱ አለያያቸው። እማዬ የጠዋቱን የቤተሰብ ፕሮግራም ታቀርባለች፤ አባዬ ማታ ለልጆች ተረት ያነባል። እሷ ከሥራ ስትገባ እሱ ሊወጣ የጫማውን ክር ያስራል። በር ላይ ቁልፍ ይቀባበላሉ፤ ምሳው ምድጃ ላይ እንዳለ፣ የትኛችን እንዳሳለን እዚያው ቆመው ይነጋገሩና ይለያያሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የምናገኛቸው እሁድ ብቻ ነበር፤ እሁድ ደግሞ ሁለቱም ጉሮሯቸውን ማሳረፍ ስለሚፈልጉ ቤቱ ጭጭ ይላል።

አባዬ የሚያነበው ጆሮ ላይ ተጠግቶ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ሹክሹክታ» የሚል ስም አወጡለት። መንገድ ላይ ሲያገኙትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ሰላም የሚሉት።

ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲከብደው፣ ጣቢያው የድሮ ቅጂዎቹን በድረ ገጽ ሊያወጣ ተነሳ። ቅጂዎቹ ከቴፕ ክር ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው አልቀዋል፤ የቀረው በየርዕሱ መመደብ ነው። የድረ ገጹ ኃላፊ የእኔ እኩያ የሆነች ሴት ናት። የድሮዎቹን ድምፆች ለይቶ የሚያውቅ ሰው ስታፈላልግ አባዬን ጠቆሟት። ስልኩን እንደዘጋ ሸሚዙን መተኮስ ጀመረ።

መጀመሪያ ላይ አልተግባቡም። አባዬ ቅጂዎቹ በተላለፉበት ሰዓት ይደርደሩ ባይ ሆነ፤ የጠዋቱ ከጠዋቱ፣ የማታው ከማታው። ሰው ራዲዮን የሚያስታውሰው ልብስ ስተኩስ የሰማሁት፣ መብራት ሳጠፋ የሰማሁት እያለ ነው ሲል ተከራከረ። ኃላፊዋ አስጨርሳው፣

«ጋሼ፣ ልጇን ትኩሳት የያዘባት እናት ፕሮግራሙ በስንት ሰዓት እንደተላለፈ ማወቁ ምን ያደርግላታል? ‹የልጅ ትኩሳት› ብላ ነው የምትፈልገው» አለችው።

አባዬ ቤት ገብቶ ለእማዬ ሲነግራት እሷም ለኃላፊዋ ወገነች። አንተ የናፈቀህ የድሮው የሥራ ሰዓትህ ነው ስትለው ቅር ብሎት ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። በማግስቱ ግን ሄዶ፣ እሺ በርዕስ ይሁን አለ።

ጤና፣ ቤተሰብ፣ እርሻ፣ ስፖርት፣ ሙዚቃ፣ ልጆች እያሉ ከፋፈሉት። ሥራው እንዳሰቡት ቀላል አልሆነም። አንድ የእግር ኳስ ዳኛ ስለ ጨዋታ ተጠይቆ ሙሉ ሰዓቱን ስለ ጥርስ ሕመሙ ሲያወራ ተገኘ፤ ስፖርት ነው፣ ጤና ነው ብለው ተከራከሩበት። አባዬ ደግሞ ርዕስ ሰጥቶ ማለፍ አይሆንለትም። የዜና አንባቢው ወረቀት ሲገልጥ ኮሽ የምትለውን፣ ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ ሆኖ ያስቃቸው የነበረውን የሟቹን ቴክኒሻን ሳል እየመለሰ ይሰማል። ኃላፊዋ ሥራው ተጓተተ ብላ ታጉረመርማለች፤ እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ስላደረገ አይሰማትም።

«ልጆች» ከሚለው ሥር «እንቅልፍ» የሚል ንዑስ ርዕስ ያወጡ ቀን ግን አባዬ ቤት የመጣው እየተጣደፈ ነው። እኔም ልጠይቃቸው መጥቼ ነበር። እማዬ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። አባዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገና «እንቅልፍ» የሚለውን ነካ።

መጀመሪያ የእማዬ ድምፅ መጣ። የወጣትነቷ ነው፤ ፈጠን ያለ፣ ጥርት ያለ። ልጅን በጊዜ ስለማስተኛት እናቶችን ትመክራለች። እሷ ስትጨርስ ቀጣዩ ቅጂ በራሱ ጊዜ ተከተለ፤ አባዬ ከአጎቷ ቤት ወጥታ መንገድ ስለጠፋባት አንዲት ቀበሮ ሹክ ማለት ጀመረ። ያኔ እናቶቹን እሷ በጠዋት ትመክራቸዋለች፣ ልጆቹን እሱ ማታ ያስተኛቸዋል፤ አንድ ላይ ተሰምተው ግን አያውቁም። እማዬ እንኳ ጎህ ሳይቀድ ለመነሳት በጊዜ ስለምትተኛ የእሱን ተረት አንዱንም እስከ መጨረሻው አልሰማችም።

እጇ የአባዬን ካናቴራ እንደያዘ ቆመ።

«ይኸው ካረጀን በኋላ አንድ ፈረቃ ገባን» አለች።

አባዬ ሳል ሳል አለውና ወደ መስኮቱ ዞረ። ተረቱ ሲያልቅ እማዬ ቀበሮዋ ለምን ወደዚያ ምቀኛ አጎቷ ቤት ትመለሳለች ብላ ጠየቀችው። አባዬም ሌላ የት ትሂድ ብሎ ተነሳባት፤ እራት እስኪቀርብ በዚያ ሲነታረኩ አመሹ።

ድረ ገጹ ተከፍቷል። ሥራው ግን ገና ብዙ ይቀረዋልና አሁን እማዬም አብራው ትሄዳለች። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጣቸው ሥራ ስላልተሠራ ኃላፊዋ ለእማዬ ከኮሪደሩ ማዶ ሌላ ክፍል ሰጠቻት። ሁለቱም በራቸውን አይዘጉም። ባለፈው ምሳ ላደርስላቸው ስሄድ ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማኋቸው፤ እሷ «ቤተሰብ ነው» ትላለች፣ እሱ «ልጆች ነው» ይላል።