ከሊጥ ባልዲ ክዳን የተሠራ ጫማ

ልጅ እያለሁ በልኬ የተገዛ ጫማ አድርጌ አላውቅም። «ታድግበታለች» ይባልና ሁለት ቁጥር ይጨመርበታል፤ ትርፉን ቦታ በካልሲ መሙላት የእኔ ፈንታ ነው። እግሬ አድጎ ልኩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጫማው አልቋል። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ያን ዓመት ለክረምቱ በረዶ የተገዛልኝ ጥቁር ቦት ጫማም እንደዚያው ነበር። በሰው አገር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል ከተማ ከምንኖርበት አፓርትመንት ጀርባ ያለውን ሐይቅ ለጥገና ብለው ውኃውን አጉድለውት፣ ዳር ዳሩ ለስላሳ ጭቃ ሆኖ ነበር። የበሰበሰ ቅጠልና ዓሣ ይሸታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳክዬ ልከተል ገባሁና ጭቃው ግራ እግሬን ያዘው። ስጎትት እግሬ ወጣ፣ ቦቱ እዚያው ቀረ። በልኬ ቢሆን ኖሮ አብሮኝ ይወጣ ነበር! በአንድ ጫማ እያነከስኩ ቤት ገባሁ።

አባዬ «ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ እናወጣዋለን» አለ።

«ዳዲ፣ ካን ዊ ጀስት ባይ ኒው ዋንስ?» ብዬ አዲስ እንዲገዛልኝ ስጠይቀው፣ «አዲስ ጫማ ጭቃ ውስጥ ትቶ የሚሄድ ሰው አለ?» አለኝ። በረዶ ከጣለና ሐይቁ በብርድ ከረጋ ቦቱ እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የእማዬን የሊጥ ባልዲዎች ክዳን አነሣ። ጭቃ ላይ የማያሰምጥ ጫማ ሊሠራልኝ ነው። አገር ቤት ከጎማ በርባሶ ሲሠራ እያየ ስላደገ፣ ጫማ የሚባል ነገር አያቅተኝም ባይ ነው። ሁለቱን ክዳኖች በጋለ ሚስማር በስቶ የሲባጎ ማሰሪያ አበጀላቸው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የጭስ አላርሙ ጮኸ። ማሰሪያውን አስፍቶ ሠራው። ለምን ስለው «ታድጊበታለሽ» አለኝ። ለጭቃ መርገጫ! ፕሊማውዝ ካለው ፋብሪካ ከሌሊት ሥራ የገባችው እማዬ አየችውና «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብላ ልትተኛ ሄደች።

ቀላሏ እኔ ስለሆንኩ ወገቤን በገመድ አስሮ ላከኝ። የመጀመሪያው እርምጃ ደህና ነበር። በሁለተኛው ጭቃው ክዳኑን ሙጥኝ አለና እግሬ ሾልኮ ወጣ። አሰርነው፤ ደግሞ ወጣ። አጠበቅነው፤ ሲባጎው ተበጠሰ። በንዴት አለቀስኩ። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ቆመው ያዩናል፤ አንዷ ደህና መሆናችንን ጠየቀች። አባዬ እየሳቀ «ዊ አር ጉድ፣ ዊ አር ጉድ» ይላል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ እሷ ግን የምትውጠው ጫማ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ አባዬ ሁለቱን ክዳኖች ከደረቱ ሥር አድርጎ በሆዱ እየተሳበ ገባ። እጁን እስከ ትከሻው ሰዶ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ቆይቶ ጭቃ የለበሰ ቦት ይዞ ወጣ። ደስታው ልዩ ነበር።

ቤት ገብተን ገንዳ ውስጥ ስናጥበው ሰማያዊ ሆነ።

«የኔ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ።

አባዬ አገላብጦ አየው። «ግራ ነው አይደል? እስቲ ለኪው።»

ለካሁት። ልክክ አለ። ክረምቱን ሙሉ አንድ ጥቁር፣ አንድ ሰማያዊ ቦት አድርጌ ስሄድ የክፍሌ ልጆች ሳቁብኝ። አባዬን ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

አሁን የምኖረው ዌስት ሴንት ፖል ነው። ለልጄ ጫማ የምገዛው እግሩን ለክቼ ነው። በቀደም አንድ ጓንቱን ጥሎ እያለቀሰ መጣ። ለቅሶውን ሳይጨርስ በስልኬ ኦርደር አደረግኩለት፤ በማግሥቱ በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ያው ቀለም፣ ያው ቁጥር። «ታንክስ» አለኝና ወደ ጌሙ ተመለሰ። እኔ ግን ኩሽና ቆሜ ባዶውን ካርቶን ስቀዳድድ አባዬ ትዝ አለኝ። አባዬ እስከ ትከሻው ጭቃ ገብቶ የሰው ጫማ አመጣልኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ። እኔ ለልጄ፣ ሲያድግ እያስታወሰ የሚናደድብኝ ነገር እንኳ አላስቀመጥኩለትም።