የአያ ሰይድ ተራ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዛሬ ይህ ጋራዥ ሳይጸዳ አይመሽም ብለን ተነስተን፣ ባለቤቴ ከደረቁ የቀለም ቆርቆሮዎችና ለልጆቹ ካጠረ ብስክሌት ጀርባ አንድ ቀይ ኩለር ጎትቶ አወጣና «ይኼስ ይጣል?» አለኝ። አንዱ ማጠፊያው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ፣ ቀለሙ ከፀሐይ ብዛት ወደ ሮዝ የሄደ፣ ውሃም ሆነ ለስላሳ ካቀዘቀዘ አሥራ ምናምን ዓመት ያለፈው የበረዶ ሳጥን ነው። ይጣል ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ውስጡ የተረሳ ነገር እንዳይኖር ብዬ ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ግን የሐብሐብ፣ የፀሐይ ቅባትና የሐይቅ ጭቃ ሽታ ተደባልቆ ፊቴን መታኝ። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው የሚለው» አለ። እሱ ምን ያድርግ፣ ያኔ አልነበረም። ማጠፊያው ሥር ጣቴን ስሰድ አሸዋ ነካሁ፤ ከየት እንደመጣና የየትኛው እሑድ አሸዋ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ጽዳቱን ትቼ የኩለሩ ክዳን ላይ ቁጭ አልኩ።

ያኔ የምለው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባትና ስምንት ገደማ፣ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ በአንድ ግቢ በተደረደሩ አፓርታማዎች የምንኖርበትን ጊዜ ነው። እኔ በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ፣ ሃያ ዓመቴን የደፈንኩ፣ ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ውዬ በህልሜም የማሽግ ልጅ ነበርኩ። አብራኝ የምትኖረው ረሕመት የደሴ ልጅ ናት፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበርና የተጨማደደ አንሶላ ካየች የሰው ቤትም ቢሆን ሳታስተካክል አታልፍም። ተስፉ ከእኔ ጋር መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ሲሆን፣ ከሚያነሳው ካርቶን የሚያነሳው ወሬ ይበልጣል። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ደግሞ አያ ሰይድ ይኖራል፤ አርባዎቹን የጀመረ፣ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሾፌር፣ ከወሎ ሐይቅ ከተማ የመጣ፣ ባለቤቱን ዘሃራን እዚያው ትቶ የመምጫ ወረቀቷ እስኪያልቅላት የሚጠብቅ ሰው። «አያ» ያለችው ረሕመት ናት፣ በእነሱ አገር ታላቅ ወንድም እንዲያ ይጠራል፤ እኛም ተከትለናት አያ ሰይድ ስንል በዚያው ቀረ። ከአራታችን መንጃ ፈቃድም መኪናም የነበረው እሱ ብቻ ነው። መኪናዋ አሮጌ ነጭ ቫን ነበረች፤ ማቀዝቀዣዋ ዳገት ሲሆን ቀጥ ይላል፣ ደግነቱ ዳላስ ዳገት የለውም።

እሑድ አራታችንም ዕረፍት ነበርን፤ አራታችንም ግን የምንፈልገው የተለያየ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን እሑዶች ግቢው ውስጥ ቫኗን ከበን ስንጨቃጨቅ እናሳልፋቸው ነበር። አንድ ቀን እንደዚያ ስንከራከር ቀትር ሆኖ ሐብሐቡ ኩለሩ ውስጥ ሞቀ። ያኔ ተስፉ ወደ እኛ ቤት ገብቶ ወረቀት ቀደደና የአራታችንን ስም ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው።

«ሶ፣ ከዛሬ ጀምሮ በተራ ነው። ሁለት ሩል ብቻ፤ ባለተራው የመረጠው ቦታ አይተችም። ሁለተኛ፣ ማንም አይቀርም። ታመምኩ፣ ደከመኝ፣ ፀጉሬን ልሠራ ነው፣ ኖ!» አለ። የመጨረሻው ለእኔ ነበር።

ሕጉን ከልባችን ያዝነው። በተስፉ ተራ ዳውንታውን ወርደን፣ ያ የአሜሪካ ፕሬዚደንት በጥይት የተገደለበትን መንገድ አየን፤ አስፋልቱ ላይ የተሠመረውን ምልክት ቱሪስቱ ሁሉ ከዳር ቆሞ ሲያይ፣ ተስፉ መብራት ጠብቆ መሀል መንገድ ላይ ሮጦ ገብቶ እጁን ዘርግቶ «አንሱኝ!» ይላል፣ ረሕመት ዓይኗን ጨፍና ትጮሃለች፣ ፎቶው ላይ ዛሬም ያለው የአንድ ጫማ ተረከዝ ብቻ ነው። በረሕመት ተራ ፎርት ወርዝ ሄድን። እዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ሰው ሁለት ክንዱን ቢዘረጋ ከቀንዳቸው ጫፍ እስከ ጫፍ የማይደርስባቸው በሬዎች በከተማው መሀል በሰልፍ ይነዳሉ፣ ፈረንጁም ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ያጨበጭባል። አያ ሰይድ መጀመሪያ ሳቀ። «አሁን ይኼን ለማየት ነው እንዴ ውቅያኖስ ያቋረጥነው?» አለ። ሰልፉ ሲቃረብ ግን ሳቁን ረስቶ ባቲ ገበያ እንደወረደ ሰው አንገቱን አስግጎ እያንዳንዱን በሬ ከሻኛ እስከ ሰኮና መመርመር ጀመረ፤ «ያ ኋላ ያለው ግራ እግሩን ያነክሳል፣ ሊነግሩት ይገባል» ብሎ ባለ ባርኔጣውን ነጂ በአማርኛ ተጣራ። ሰውየውም ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጠው።

በእኔ ተራ ሁልጊዜ ሐይቅ ነው። ዳላስ ዙሪያውን በሐይቅ የተከበበች ናት፤ ዳርቻው ላይ አሸዋ አፍስሰው ቢች ይሉታል። እኔ ዋና ስለማልችል እስከ ጉልበቴ ገብቼ እቆማለሁ፤ ረሕመት ረጅም ቀሚሷን ሳታወልቅ ዳር ላይ ቁጭ ትላለች፤ አያ ሰይድ ግን ሐይቅ ዳር ያደገ ነውና ሱሪውን እንኳ ሳይጠቀልል ገብቶ ይሰወራል፤ ተስፉ መቁጠር ጀምሮ ድምፁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ከዚያ ሐብሐብ ይቆረጣል፣ የረሕመት ሳምቡሳ ከፎይል ይወጣል። እኔ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ተርቤ በልቼ አላውቅም።

የራሱ ተራ ሲደርስ ግን አያ ሰይድ አንድ ቃል ብቻ ነበረችው፤ «ይለፈኝ» ይላል። ሌላው ተክቶት ይመርጣል፣ እሱ ይነዳል። ተስፉ ደግሞ ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ ስለሆነ፣ የተላለፈ ተራ አይቃጠልም ብሎ ወረቀቱ ላይ ከአያ ሰይድ ስም አጠገብ በየጊዜው አንድ ነጥብ ያደርግ ነበር። ነጥቦቹ ሰባት ደረሱ። እኔ ሰውየው ለቦታ ግድ የለውም ብዬ ነበር የማስበው። ጠይቄው ግን አላውቅም።

በሚቀጥለው በጋ ተራዬ ሲደርስ ጋልቨስተን አልኩ፤ ባሕር፣ እውነተኛው ባሕር። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሰማያዊ ውሃ አይቼ ነበርና ወሩን ሙሉ ሳስበው ከርሜያለሁ። ረሕመት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ አያ ሰይድን አየችው። እሱ የቫኗን ቁልፍ ጣቱ ላይ ሁለት ጊዜ አዞረና «ሩቅ ነው፣ አምስት ሰዓት ያስነዳል» አለ። ከዚያ ደግሞ «ኦኬ። ተራሽ ነው» አለ።

በንጋት ተነሳን። ደሴቲቱ መግቢያ ላይ ረጅም ድልድይ አለ፣ ግራና ቀኙ ውሃ ነው፤ እኔና ተስፉ በመስኮት ልንወጣ ምንም ሳይቀረን አያ ሰይድ ከፊቱ ካለው ጭነት መኪና ኋላ ሰሌዳ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። «አያ ሰይድ፣ እየውማ!» አለ ተስፉ። «ይኼ የድልድይ ውሃ ነው፣ አይቆጠርም» አለና መሪውን አጥብቆ ያዘ። ነገሩ አልገባኝም። ባሕሩ ዳር ስንደርስ አንድ ሕንፃ ጥላ ሥር ፓርክ አደረገ፤ የቫኗን አፍንጫ ወደ ከተማው፣ ጀርባዋን ወደ ባሕሩ። የኋላ ማሳያ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረ፣ የመንዙማ ካሴቱን ከፍ አደረገና «ሂዱ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት ረሕመትን፣ ኩለሩን ለሁለት ተሸክመን ስንወርድ።

«ለዘሃራ ቃል አለበት። ማለቴ፣ ሐይቅ ዳር ሆነው ሲሰናበቱ ባሕር ላይ አብረን ነው የምንቆመው፣ ያላንቺ አላይም ብሏታል። ሰባቱንም ተራ ያስቀመጠው ለእሱ ነው፤ ስትመጣ ሁላችንንም ይዞ ሊወስደን።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ነገርኩት እኮ፣ እንንገራት አልኩት። ተራዋ ነው፣ አይተችም አለኝ።»

ባሕሩ ሰማያዊ አልነበረም፤ ሻይ በወተት ይመስላል። ቢሆንም ትልቅ ነበር፣ ማለቂያ የለውም፣ ማዕበሉም እግሬን ሲመታኝ እንደ ሕፃን ጮህኩ፤ መደሰቴን አልክድም። በየመሀሉ ዞር ስል ግን ከመንገዱ ማዶ ነጯ ቫን ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሐብሐቡን ቫኗ ድረስ ወስደን ከእሱ ጋር በላን። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ትልቁን ቁራጭ ሰጠኝ። የዙሁር ሶላት ሲደርስ ቂብላው ወደ ባሕሩ እንዳይሆን ሰግቶ ነበር፤ ተስፉ ኮምፓስ ያላት የቁልፍ መያዣ ነበረችውና ለክቶ፣ የለም፣ ባሕሩ በስተቀኝህ ነው የሚሆነው ሲለው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ከልቡ ሳቀ፣ ምንጣፉንም ዘርግቶ ዓይኑን ከግንባሩ ማረፊያ ሳያነሳ ሰገደ።

«እንዴት ነው አትበሉኝ። ምንም አትንገሩኝ» አለን ስንመለስ። አምስት ሰዓት ሙሉ ባሕር የሚል ቃል ከአራታችን አፍ ሳይወጣ ጋርላንድ ገባን። በማግስቱ ቫኗን ጠርጎ አሸዋውን እስከ መጨረሻው አራገፈው። የኩለሩን ማጠፊያ ግን አላሰበውም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደማንኛውም ሰው ታሪክ ነው። ረሕመት አግብታ ፕሌኖ ገባች። ተስፉ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሌላ ስቴት ሄደ። እኔ ከግቢው ስለቅ ኩለሩን ለዕቃ ማጓጓዣ ወሰድኩትና ሳልመልሰው ቀረሁ፤ ወረቀቱ የት እንደወደቀ አላውቅም። አያ ሰይድ እዚያው ፎቁ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ከረመ። ዘሃራ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ።

«ሴኒ፣ ተራዬን ላወጣ ነው። ዚስ ሰንደይ። ዘሃራ ሳምቡሳ እየሠራች ነው፣ ለአምስት ሰው።»

መጋዘኑ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ልሆን ስሜ ተይዞ ነበር፤ የዚያን እሑድም ኦቨርታይም ገብቼ ነበር። ዛሬ እውነቱን ልናገርና፣ ብጠይቅ ይፈቅዱልኝ ነበር። አልጠየቅኩም። ደክሞኝ ነበር፣ ባሕሩንም አይቼዋለሁ፣ ሌላ እሑድ ደግሞ መቼም አይጠፋም ብዬ ነበር። «አያ ሰይድ፣ ሥራ ነኝ፣ ለሚቀጥለው ኮል አደርግልሃለሁ» አልኩት። ረሕመት እንግዳ እንዳለባት፣ ተስፉም ኦሃዮ መንገድ ላይ እንደሆነ ከእኔ በፊት ነግረውት ኖሯል። ለእኔ ተራ በነሐሴ ሙቀት ቫን ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ የዋለ ሰው፣ ማንም አይቀርም የሚለውን ሕግ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሳብኝ «ኧረ ችግር የለም፣ ሥራ ይበልጣል» አለኝ።

እሑድ ዕለት በዕረፍት ሰዓቴ ደወለ። «ሴኒ፣ ደርሰናል። ዘሃራ ጫማዋን አውልቃለች። ቆይ፣ ስሚው» አለና ስልኩን ወደ ባሕሩ ዘረጋው። በእኔ በኩል የዕቃ ማንሻው መኪና ይጮሃል፣ በእሱ በኩል የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው።

«ይሰማሻል?» አለኝ።

«ይሰማኛል» አልኩት።

«ስድስት ይቀረኛል፣ አትርሺ» አለና ስቆ ዘጋው።

ስድስቱን አልተጠቀመባቸውም። ከዓመት በኋላ የዘሃራ ወንድም ወዳለበት ወደ ሚኒሶታ ሄዱ፤ ለኢድ እደውልለታለሁ፣ የልጆቹን ቁመት ይነግረኛል፣ ስለ ተራ እሱም አያነሳም፣ እኔም አላነሳም።

ባለቤቴ መጥረጊያውን ይዞ ፊቴ ቆሞ «እና ይጣል?» አለኝ። አይጣልም አልኩት። ጋልቨስተን አሁን በየበጋው እንሄዳለን፤ ሆቴሉ ከባሕሩ ፊት ለፊት ነው፣ የመኪናችን ማቀዝቀዣም ዳገት ላይ ቀጥ አይልም፣ ልጆቼ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ባሕሩን ሳያዩት ይውላሉ። እኔም ከእነሱ ብዙ አልሻልም። አሸዋው ላይ ወንበሬን ዘርግቼ ቁጭ እልና፣ ሳላስበው ዞሬ ከመንገዱ ማዶ የቆሙትን መኪናዎች አንድ በአንድ አያለሁ፤ ባለቤቴም በየዓመቱ «ምን ጠፋብሽ?» ይለኛል።