የአንዋር አሥር ሰከንድ

አንዋር የፍጥነት ማዞሪያውን ወደ ግማሽ መለሰው።

«ይተዉት ጋሼ» አለች ሱዓድ። «ሙከራውን የሠራነው በሙሉ ፍጥነት ነው።»

«ለከበረ እንጨት ሱታ ነው።»

በኦሮምኛ «ቀስ» ማለቱ ነው። ውድ እንጨት በመጣ ቁጥር ማሽኑን ያዘገያል፤ አክብሮት ይለዋል። ለከሚሴ ሲኤንሲ የተባለ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ አመጣሁ ብሎ ሁለት ዓመት የተንጎራደደው ሰውዬ ከማሽኑ የሚያውቀው አንድ ማዞሪያና አንድ አረንጓዴ ቁልፍ ነው። የቀረውን የምታውቀው ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀችው ሱዓድ ናት። እሱ «ልጅቱ» ይላታል።

ጠረጴዛው ላይ የዋንዛ ሳንቃ ተኝቷል። የጨፋው ገበሬ ሙሀመድኑር ከአያታቸው የቀረውን የመጨረሻ ዛፍ አስቆርጠው ለመስጊድ በር የሰጡት ነው። ይህን የሚያክል ሌላ የላቸውም። ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ።

ሱዓድን የከነከናት ማክሮው ነው፤ ቅርጹ ሲያልቅ ሳንቃውን የጨበጡትን በአየር የሚሠሩ መያዣዎች የሚፈታው ትእዛዝ። ኮምፒዩተሩ መስመሮቹን ቀድሞ ያነባል፤ ፑንታው፣ መቁረጫው ስለት፣ ገና እየቆረጠ እሱ «ፍታ» የሚለው ላይ ደርሷል። ስለዚህ «እንቅስቃሴው እስኪቆም ጠብቅ» የሚል መስመር አስገብታ ነበር። ማሽኑ ቆሞ ሲያስብ ደንበኛ ይታዘበናል ብሎ አንዋር አስወጣው። በእጅ ሰዓቱ የመጨረሻውን ዙር ለክቶ በቦታው «አሥር ሰከንድ ጠብቅ» የሚል አስጻፈ።

«አሥሩ ለሙሉ ፍጥነት ነው» አለች። «ማዞሪያው ፑንታውን እንጂ ሰከንዱን አያዘገየውም። በግማሽ ከሄደ ሃያ ይፈልጋል።»

አንዋር ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሰሙልኝ አባ ሙሀመድኑር? ሰዓት መቁጠር ልታስተምረኝ ነው።»

«እሷስ ሌላ ነገር ነው ያለችው» አሉ ሙሀመድኑር።

አንዋር ሳቀ። ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን ተጫነና ቪዲዮ ለማንሳት ስልኩን አወጣ።

አንድ ሰዓት ያህል ሁሉም ደህና ሄደ። በመጨረሻው ዙር መያዣዎቹ ፍስስ ብለው ተነሡ። ፑንታው ገና መንገዱን አጋምሶ ነበር። ያልተያዘውን ሳንቃ ነክሶ አሽከረከረው፤ ከብረቱ ምሰሶ ጋር አላተመው። ሱዓድ ቀዩን ቁልፍ መታች። ዋንዛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል።

«መብራት ነው» አለ አንዋር። «ሰሞኑን ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል።»

ሙሀመድኑር ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ሱዓድ ዞሩ። «የሚጠገን ነው ልጄ?»

«አይደለም አባባ።»

በሚቀጥለው ወር መስጊዱ የላሜራ በር ተገጠመለት።