የዓመቱ የመጨረሻ ጀልባ

ይኸው ደግሞ ተነፋ። ሰማሽው? ይህ የጀልባ ጡሩምባ ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል ከወንዙ በኩል በተሰማ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ቤት ስንገዛ ድምፁ እዚህ ድረስ እንደሚመጣ ባውቅ ኖሮ ምን ቆርጦኝ! ከጡሩምባው ጋር የናፍጣና የረጠበ ቅጠል ሽታ ይመጣብኛል። ከሽታው ጋር ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ይመጣብኛል፤ አፉን ለጉሞ ያታለለኝ ሰው። ተይው አትበይኝ። ይቅር የሚባል ነገር አለ፣ የማይባልም አለ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ከአባቴ ታናሽ ወንድምና ከሚስቱ ጋር ሚኒያፖሊስ እኖር ነበር። አጎቴን ጋሼ ነው የምለው፤ ታክሲ ይነዳ ነበር። እኔ ቀን ቀን ኮሌጅ፣ ከዚያ በኋላ ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ውስጥ ሳንድዊች እሸጥ ነበር። አባቴ ባሕር ዳር ነበር። ዕድሜውን ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ሠርቷል። ላይ ስልሽ ግን ሥር ነው፣ ሞተሩ ጋ። ተሳፋሪው ከላይ ተቀምጦ ደሴቱን፣ ወፉን፣ ገዳሙን እያየ ሲሄድ እሱ ከታች በጭስና በጩኸት መሃል ጆሮውን ለሞተሩ ሰጥቶ ይውል ነበር። የሞተር ሕመም የሚታወቀው በጆሮ ነው ይል ነበር። ልጅ ሆኜ ከላይ ምን እንደሚታይ ስጠይቀው «እኔ ምኑን አውቄ፣ ተሳፋሪ ጠይቂ» ብሎ ይስቅብኛል።

ሐምሌ ላይ ቪዛ አገኘ። ያን ቀን ነው የወሰንኩት። ሴንት ፖል ላይ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን ሰው እየጫነ ወንዙን የሚያስጎበኝ ትልቅ ጀልባ ነበረ። አባቴን እሱ ላይ፣ ዴክ ከሚሉት ከላይኛው ወለል፣ እጁን አጣጥፎ እንደ ጌታ አስቀምጠዋለሁ አልኩ። ብሮሹሩን ከኤርፖርት አምጥቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ቤት ውስጥ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረም። ጋሼ ራሱ ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚመጣው፣ ጣራ አለው ወይ፣ ጀልባው የት ድረስ ነው የሚሄደው እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ወንዙ ከሌላኛው ወንዝ ጋር እስከሚገናኝበት፣ ልክ ከኤርፖርቱ ሥር እስካለው ድረስ ነው አልኩት። አውሮፕላኑ ከራሱ በላይ ሲያልፍ በዚህ ነው የመጣሁት ይላል ብለን ሳቅን።

ሴፕቴምበር ላይ ይመጣል የተባለው ሳይመጣ ቀረ። ወረቀት ጎድሎ ነው አሉኝ። ሪዘርቬሽኑን ለኦክቶበር መጀመሪያ ቀየርኩት። አሁንም የለም። የባሕር ዳር ጎረቤታችን ቤት ስደውል፣ ጎርጎራ ሞተር ተበላሽቶ ተጠርቶ ሄዷል አሉኝ። እኔ ጅሏ ኮራሁ! ከሱ ሌላ ማን ያውቀዋል ብዬ ለሥራ ጓደኛዬ ሳይቀር አወራሁ። ያንን ውሸት የፈጠረው ሰው አባቴን አሳምሮ የሚያውቅ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ቲኬት የምትቆርጠዋ ፈረንጅ ሴትዮ ለሁለተኛ ጊዜ ቀን ልቀይር ስሄድ ዓይኔን እያየች፣ የኔ ልጅ፣ ወንዙ አባትሽን አይጠብቅም አለችኝ። ወሩ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው ጀልባ ይወጣል፣ ከዚያ ብርዱ ነው፣ በረዶው ነው፣ እስከ ጸደይ የለም። ተናድጄባት ወጣሁ። በዚያ ወር እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ እንደነበረች ያወቅሁት ኋላ ነው።

የመጨረሻዋን ቅዳሜ ያዝኩ። ሁሉም ካልመጣ አልሄድም ብዬ ሰው ሁሉ ከሥራ እንዲቀር ለመንኩ። ሺፍት አለኝ ያለውን ተቆጣሁ፣ ያኮረፈውን አባበልኩ። ጋሼን ቆርጠህ ንገረኝ፣ ይደርሳል አይደርስም ብዬ ያዝኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። «እሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይገባል» አለኝ። ከአውሮፕላን በቀጥታ ወደ ጀልባው እንወስደዋለን አልኩት። እሺ አለ።

ለአባቴ ካፖርት ገዛሁ፤ ወፍራም፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ የሱፍ። ጋሼና እሱ በቁመትም በትከሻም አንድ ናቸውና ና ለካው አልኩት። ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመ። ቆመ ብልሽ፣ አልነቃነቅ አለ። እጅጌውን ጎተት አድርጌ እንዴት ነው አልኩት። «ልኩ ነው» አለኝና ቀስ ብሎ አወለቀው። አሁን ይኼን እንዴት ነው የምረሳው? እንዴት አስቻለው?

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ሻዩን በፔርሙዝ ሞላሁ፣ ሳምቡሳውን ጠቀለልኩ፣ ብርድ ልብሶቹን በር ላይ ደረደርኩ። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ኮሪደሩ ጢም ብሏል። ቄሱ፣ የጋሼ የታክሲ ባልደረቦች፣ የሥራ ጓደኛዬ፣ ከኒው ሆፕ ድረስ የመጡ ሴቶች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ አንገት አዙረው ለብሰውታል። የለቅሶ አለባበስ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን የሰው ልጅ የሚፈልገውን ነው የሚያየው፤ በጥድፊያ ነው አልኩ። ምን እንዳልኳቸው ታውቂያለሽ?

«ምነው በሌሊት? ጀልባው እኮ ከሰዓት ነው። ደግሞ በነጠላ ልትሄዱ ነው? ውሃው ላይ ብርዱ አይቻልም፤ ካፖርት የላችሁም?»

የሥራ ጓደኛዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሼ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ፣ ቄሱም ተናገሩ።

አባቴ የሞተው ነሐሴ ላይ ነው። ተቀብሮ፣ ተለቅሶለት፣ አርባው እንኳ ወጥቷል! እዚሁ ቤተ ክርስቲያን አርባውን ሲያወጡ እኔ ሴንት ፖል ወርጄ፣ ከላይኛው ዴክ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር እየመረጥኩለት ነበር። ለምን አልነገራችሁኝም ስል፣ መርዶ በስልክ አይነገር፣ ብቻዋን ላለች ልጅ አይነገር፣ ፈተናሽን ጨርሺ ብለን ነው አሉኝ። ደግሞስ ሰው ሁሉ ከሥራ የሚያርፍበት አንድ ቀን ጠፍቶ ነው አሉ። ያን ቅዳሜ ግን ሁሉም አርፏል። ያሳረፍኳቸው እኔ ነኛ! ለጀልባው ብዬ በለመንኩት ቀን መጥተው አባቴን ቀበሩልኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔዎቹ አንድ ላይ በር አንኳኩተው ነው የገቡት።

ከሰዓት ቤቱ በለቀስተኛ ተጨናንቆ ሳለ ጋሼ ጠፋ። ሚስቱ ፈለገችው፣ የለም። ካፖርቱም ከመስቀያው ላይ የለም። ሊመሽ ሲል ካፖርቱን ለብሶ ገባ። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል፣ ዓይኑ አብጧል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ጀልባው ላይ እንደነበረ ለሁሉም ገባው። ሐዘንተኛ ሰው ሽርሽር ሄደ ብለው ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። እኔ ግን አልተንሾካሾኩም፤ ተነሥቼ በሰው ሁሉ ፊት ያልኩትን አልኩት። እሱ አንዲት ነገር ብቻ ነው የመለሰልኝ።

«ወንበሩ ባዶ እንዳይሄድ ብዬ ነው።»

ያቺ መልስ ይባስ አቃጠለችኝ። የወንድሙን ሞት ሁለት ወር ደብቆኝ፣ ወንበሩንም እሱ ይቀመጥበት! በዚያው ክረምት ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የኛ ነገር የዓመት በዓል ሰላምታ ሆነ።

አሁን አርጅቷል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ኒው ሆፕ ብቻውን ነው። ግን በየዓመቱ የመጨረሻው ጀልባ በሚወጣበት ቀን ይደውልልኛል። ዛሬ ነው አይደል ይለኛል፣ አዎ ጋሼ እለዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳልዘጋው ቀረሁ። ከላይ ምን ይታያል አልኩት። አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«ቅጠሉንማ አላየሁትም፣ ልጄ» አለኝ። «ሞተሩን ሳዳምጥ ነበር። ጤነኛ ሞተር ነው። አንዴም አላሳለው። ወንድሜ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር።»

አሁንም አልበረደልኝም፤ ልዋሽሽ አልችልም። ግን እሱ ይህን ብሎ ሳይጨርስ ጡሩምባው ከወንዙ በኩል ተነፋ። ብርዱ ይግባ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩና ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋሁለት።