ያልጠቆረው መስመር

ታላቅ እህቴ ጎንደር ሥራ ጀምራ በወሯ ወደ አገራችን አዲ አርቃይ ስትመለስ፣ ሰፈሩ «ከተማ ያልሆናት» የሚል ስም አወጣላት። እስከ ዛሬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ በዚሁ ስም ይጠሯታል። ስለዚህ እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አጭር የጽዳት ሥልጠና ወስጄ፣ ጎንደር አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ለሁለት ወር ሙከራ ስቀጠር የፈራሁት ሥራውን ብቻ አልነበረም። ያንን ስም ነበር።

ሥራዬ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አጥቤና በጨርቅ ጠቅልዬ በእንፋሎት ማሽን ማምከን፣ ማለትም ጀርሙን መግደል ነው። አለቃዬ ሲስተር ፈጣን ተናጋሪ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን፣ ጥቅሉ የሚታሰርበትን ፕላስተር አሳዩኝና «መስመሩን ሳታዪ እንዳታወጪ። ገባሽ?» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ።

አልገባኝም ነበር። በእኛ አገር ግን ትልቅ ሰው ሁለት ጊዜ አይጠየቅም፤ አንገት ደፍቶ እሺ ነው። የፕላስተሩ ነጣ ያሉ መስመሮች ከማሽኑ ሲወጡ ጠቁረው ሳይ፣ ሙቀት አቃጥሏቸው ነው ብዬ አለፍኩ።

ሙከራዬ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ከጠዳ የመጡ አንድ አረጋዊ ገበሬ ጀርባቸው ላይ ያለ እብጠት ሊወጣላቸው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አይዞዎት አያ» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ የሚቀደደው እኔ፣ የምትንቀጠቀጪው አንቺ!» ብለው ሳቁብኝ።

በዚያው ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ እንደ አዲስ ሲነሳ፣ እኔ ግን ደቂቃውን የቆጠርኩት መብራት ከመሄዱ በፊት ከጀመረበት ሰዓት ነው። ዶክተሩ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰውዬው ተኝተዋል!» ሲሉ ጥቅሉን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ተመልሼ መደርደሪያው ላይ የትናንቱን የፋሻ ጥቅል አየሁ። መስመሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። አሁን የሰጠሁት ግን ነጣ ያለ ነበር። ሲስተር ምን እንዳሉኝ ያኔ ገባኝ፤ መስመሩ የሚጠቁረው ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ነው። መሣሪያው አልመከነም።

ቆምኩ። የሮጥኩ መስሏችሁ ከሆነ አልሮጥኩም። ማንም አላየኝም፣ ምናልባት ምንም አይሆኑም ብዬ አሰብኩ። እህቴ እንስራ አዝላ ስትሄድ ታየችኝ። ቀጥሎ የሽማግሌው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ፤ እግሬ ያኔ ተነሳ።

«ዶክተር፣ እንዳይከፍቱት!»

የራሴን ድምፅ እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። የዶክተሩ እጅ ጥቅሉ ላይ ቀረ።

«ምን ሆንሽ?»

«አልጠቆረም።»

ሽማግሌው በደረታቸው እንደተኙ «እኔ እንደሆን ጠቁሬ ነው የመጣሁ!» አሉ። ማንም አልሳቀም።

መሣሪያው እንደገና ማሽን ገባ፤ ሽማግሌው ጠበቁ፤ እብጠቱም በሰላም ወጣላቸው። እኔን ሲስተር ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ።

«ገባሽ ስልሽ እሺ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ገብቶሽ ነበር?»

«አልገባኝም።»

«ታዲያ ምነው ሳትጠይቂኝ ቀረሽ?»

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት።»

ልብሴን ጠቅልዬ ወደ አዲ አርቃይ ስሳፈር ታየኝ። እሳቸው ግን «ከእንግዲህ እሺ አትበዪኝ። የነገርኩሽን መልሰሽ ንገሪኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ፊታቸው ቆሜ ሥራዬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግራቸው ነበር።

የሙከራው የመጨረሻ ቀን ሲስተር እንድፈርምበት አንድ ወረቀት አቀረቡልኝ። አነበብኩት፤ ሁለተኛው መስመር ግን ከበደኝ።

«ገባሽ?»

«እሺ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልገባኝም፣ ሲስተር» አልኩ። «ይቺ መስመር ምን ማለት ናት?»

ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። «በቋሚነት ተቀጥረሻል ማለት ናት» አሉኝ።

ደግመው እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው።