አጥር የዘለለች ወረቀት

ቢቸና በማስተምርበት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቀን ሲከበር፣ አዳራሹን ያየ ሁሉ «መምህር፣ እጅህ ይባረክ!» አለኝ። እኔም ዝም ብዬ ተመረቅሁ። እውነቱን ልናገርና ምርቃቱ የእኔ አልነበረም። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የሌሊት ወፎች፣ ጥርሱን የገለጠው የራስ ቅል፣ መቶ ዓመት የሞላው የሚመስለው ወረቀት፣ ሁሉም ሞጣ የምትኖረው የታላቅ እህቴ ሥራ ነው። የእኔ እጅ የገባባት አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች። እሷም አዳራሽ ሳትደርስ ጎረቤት ልታፋጅ ነበር።

ነገሩን የጀመሩት ተማሪዎቼ ናቸው። ሃሎዊን የሚሉትን የፈረንጆች በዓል በስልክ አይተው፣ አጽምና ሸረሪት ሰቅለን ድራማ ካልሠራን ሞተን እንገኛለን አሉ። ርዕሰ መምህሩ ቀን መቁጠሪያውን አዩና «ጥቅምት ሃያ አንድ? በማርያም ዕለት አጽም ልትሰቅል?» ብለው ጮኹብኝ። ለምኜ፣ አማላጅ ልኬ፣ ወደሚቀጥለው ሳምንት ተዛወረልን።

እህቴን እታለም ነው የምላት። ወረቀት እየቆረጠች የሠርግና የምረቃ አዳራሽ የምታስጌጥ ሴት ናት። በግንደወይን በኩል በሚኒባስ ሞጣ ሄጄ ፎቶውን በስልኬ ሳሳያት ብዙ አየችው።

«ሰው ሙት ሲያስፈራው ይሸሻል እንጂ ቤቱን ያስጌጥበታል?»

«ጨዋታ ነው እታለም።»

«የጠገበ አገር ጨዋታ!» አለችና እርሳሷን አነሳች።

እሷ ስትሠራ ቁጭ ብሎ ማየት እወዳለሁ። የሌሊት ወፉን ሣለች፤ ክንፉን አልወደደችውም፤ አጥፍታ እንደገና ሣለች። ከዚያ ሥዕሉን ይዛ ብረት ሠሪ ዘንድ ሄደች። ሰውየው አሮጌ የመጋዝ ምላጭ አጣጥፎ፣ ልክ የሌሊት ወፉን መልክ የያዘ፣ ጠርዙ የተሳለ ፎርማ አበጀላት። ወረቀቱን ግንድ ላይ ትደራርባለች፣ ፎርማውን ታስቀምጣለች፣ በመዶሻ አንዴ ትለዋለች፤ አሥራ ሁለት የሌሊት ወፍ በአንድ ምት ይወጣል። አንድ ክንፍ እንኳ አይቀደድም። እኔም ልሞክር ብዬ ወረቀቱንም አውራ ጣቴንም አበላሸሁ።

ማስረጀቱ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ወረቀቱን በፈላ ሻይ ትነክረዋለች፣ ጨምድዳ ትዘረጋዋለች፣ ሳይደርቅ የቡና አተላ ትረጭበታለች። ሲደርቅ ጠርዙን በጧፍ ለብለብ ታደርግና፣ ከማድቤት ጣሪያ የፋቀችውን ጥቀርሻ በጣቷ ትቀባዋለች። መሐሉን አትነካውም። «ሰውም የሚያረጀው ከጫፍ ከጫፉ ነው» አለችኝ። ይህን ማን አስተማራት? ማንም። ዝም ብላ አሮጌ ነገር ስታይ ነው የኖረችው።

እዚህ ላይ ነው እኔ ጥልቅ ያልሁት። ድራማው ውስጥ የጠንቋይ ጽሑፍ ነበረበት። ካስረጀቻቸው ወረቀቶች ረጅሟን አነሳሁና በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ያፈጠጡ ዓይኖች ሣልሁባት፤ ከሥራቸው ትርጉም የሌለው ፊደል ሞነጫጨርሁ። እህቴ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይቺን ቅደዳት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት ደጅ ላይ ከተገኘ መተት ነው።»

«ኧረ ተይኝ፣ ማን ያያታል!» አልሁና ጥቀርሻዋ እስኪይዝ ከሌሎቹ ጋር ግቢዋ ውስጥ ሽቦ ላይ አሰጣኋት። ሰኞ ማስተማር ስላለብኝ ወደ ቢቸና ተመለስሁ።

የጥቅምት ነፋስ ከዚያ ሁሉ ወረቀት ያቺኑ መርጦ አነሳት። አጥር አሻግሮ የጎረቤት ደጃፍ ላይ ጣላት። ጎረቤቷ እማማ የእህቴን ልጅ ክርስትና ያነሡ አበልጇ ናቸው፤ ሁለቱ ያለ አንዳቸው ሽሮ አይፈጩም። በዚያ ሰሞን ደግሞ የእማማ ልጅ የበኩሯን ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታለች፤ ቀኗ ደርሷል። እንግዲህ አስቡት። ጠዋት በር ሲከፍቱ ጥቀርሻ የተቀባ፣ ቀይ ዓይን ያፈጠጠበት ወረቀት! ማን ጣለው? ወረቀት ስትነካካ የምትውለው ማን ናት?

እማማ አልጮኹም። ከእህቴ የተዋሱትን ወንፊት ያለ ቃል አጥሩ ላይ ሰቅለው ሄዱ። እህቴ ነገሩ ቅር አላትና ሽቦው ላይ ወረቀቶቿን ቆጠረች፤ ባለ ዓይኗ የለችም። ያኔ ገባት። በማግስቱ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «እንዴት አደሩ?» ብትላቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው አለፉ።

ደወለችልኝ። «ቅደዳት ብዬህ አልነበር?» አለችና የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መተተኛ የሚል ስም አንዴ ከወጣባት ማንም የሠርግ አዳራሹን በእሷ እጅ አያስጌጥም። ይህስ ቀላሉ ነው። ያቺ ልጅ በምጥ አንዳች ነገር ብትሆን፣ እህቴ በእማማ ልብ ውስጥ ዕድሜ ልኳን ገዳይ ናት።

ቅዳሜ ስደርስ በቀጥታ እማማ ቤት ገብቼ ላስረዳ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ተቀመጥ አንተ! ወንድሜ ሆነህ ብትምልልኝ ማን ያምንሃል? የጠሉኝ በዓይናቸው አይተው ነው፤ በዓይናቸው አይተው ይተዉኝ።»

ግንዱን አሸከመችኝ። እሷ ፎርማውን፣ መዶሻውን፣ ሻይ ያለበትን ማንቆርቆሪያና የጥቀርሻውን ጣሳ ይዛ፣ በጠራራ ፀሐይ የእማማ ደጅ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሥራዋን ጀመረች። መዶሻው ሲጮህ መንገደኛው ቆመ፣ ጎረቤቱም ወጣ። እማማም ወጡና እጃቸውን አጣምረው በራቸው ላይ ቆሙ። እህቴ የሌሊት ወፎቹን ቆረጠች፤ ረጅም ነጭ ወረቀት ሻይ ውስጥ ነከረች፣ ጨመደደች፣ ፀሐይ ላይ ዘርግታ ጠበቀች፣ በጧፍ ለበለበች፣ ጥቀርሻ ቀባች። ያ ሁሉ ሰው እያያት እጇ አንዴም አልሳተም። ወይ አንጀት! ከዚያ ወረቀቱን ለእኔ ወረወረችልኝ።

«ዓይንህን ሣል።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሣልሁ። አንዱ ዓይን ከሌላው ልቆ ወጣ፤ ከሰው መሐል አንዱ ሳቀ። እማማ ቤት ገቡና በፌስታል የተጠቀለለችውን ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዙ፤ ብዙ አዩአቸው።

«የጻፍኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«መምህር ሆነህ ምንም የማይል ነገር ትጽፋለህ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ እህቴ ዞሩ።

«አራት ቀን ሙሉ ስረግምሽ ነበር። ለልጄ የላክሽውን አጥሚት አፈር ላይ ደፋሁት።»

«አውቃለሁ። በአጥሩ ሥር ሲፈስ አይቻለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ልጅዎ ቀኗ ደርሶ እርስዎን ምን ልበል? እኔም ብሆን እደፋው ነበር።»

እማማ ጎንበስ አሉ። የእህቴን እጅ፣ ያንን ጥቀርሻ የለበሰ እጅ፣ ያዙና ሳሙት። «ኧረ በማርያም! እርስዎ እኮ እናቴ ነዎት!» እያለች ልትነጥቃቸው ታገለች፤ አልለቀቋትም። ታላቅ የታናሽን እጅ ሲስም ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ጠቁሯል። አራት ቀን አንዲት ጠብታ ያልወጣት እህቴ ያንን ከንፈር አየችና እዚያው ድንጋዩ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።